ጆሮን ስለ ማስተማር

በዛሬው ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ከፍተኛ ትምህርት ለመማር የሚያስብ ኢትዮጵያዊ፥ ከዩኒቨርሲቲው በር ከመድረሱ በፊት ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታውን በፈተና እንዲያስመሰክር ይጠየቃል። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እነዚህም መስማት፥ ማንበብ፥ መጻፍና መናገር ናቸው። ከደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ካለው ከደቡብ ጎንደር ደጋ ተነሥተው ለዚህ ፈተና የሚቀርቡት ወጣቶች በመጽሐፍ የበረቱ፥ ሰዋስውን ከነዝርዝሩ የሚያውቁ ሲሆኑ፥ በመስማቱ ክፍል ግን ብዙዎቹ መንገድ እንደ ጠፋበት እንግዳ ሲደናገሩ ይታያሉ። የንባቡን ወረቀት በመልካም የሚሠራው ልጅ፥ ድምፁ ከማጫወቻው ሲወጣ የመጀመሪያውን ቃል ያዘ ሲባል ሁለተኛው ያመልጠዋል፤ ሁለተኛውን ለማስታወስ ሲሞክርም ዐሥር ቃል አልፎ ይሄዳል።

ነገሩ የአንድ ልጅ ዕድል ብቻ እንዳይመስል ማስተዋል ያስፈልጋል። ለፈተናው የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ሺህ ብር ስለ ሆነ፥ በፋርጣ ወይም በእስቴ ያለ ገበሬ ልጁን ለማስፈተን የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። የተገኘው ውጤት የሚጸናው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የወደቀውም ልጅ እንደገና ልቀመጥ ሲል ሁለተኛው በሬ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤቶችም ለትምህርት የመረጡት ሠራተኛ በዚህ ክፍል ሲሰናከል የተሰጠው ቦታ ለሌላ አገር ሰው ያልፋል። በውጭ አገር ባሉት የነገረ መለኮት ኮሌጆች ለመማር የሚያስቡ ካህናትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደሉም።

በኢትዮጵያ ይበልጥ የታወቀው ፈተና አይኤልትስ የሚባለው ነው። ይህ ፈተና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ/ም የተጀመረ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስል ሲያስፈትን ቆይቷል። የመስማቱ ክፍል 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ እነርሱም በአራት ምዕራፍ ተከፍለዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ሰዎች ስለ ዕለት ኑሮ፥ ለምሳሌ ቤት ስለ መከራየት ወይም ስለ መመዝገብ ይነጋገራሉ። በሁለተኛው አንድ ሰው ብቻውን ስለ አንድ ስፍራ ወይም ስለ አንድ አገልግሎት ያስረዳል። በሦስተኛው ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ወይም ከመምህራቸው ጋር ስለ ትምህርታቸው ይወያያሉ፤ በአራተኛው አንድ መምህር በአንድ የእውቀት ዘርፍ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ተናጋሪዎቹ እንግሊዞች ብቻ አይደሉም፤ የአውስትራልያ፥ የኒው ዚላንድ፥ የአሜሪካና የካናዳ ሰዎች አነጋገርም ይሰማል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ከ40ው ጥያቄ 23 ያህሉን በትክክል የመለሰ ሰው እስከ 9 በሚደርሰው መለኪያ 6 ያገኛል፤ 30 ያህሉን የመለሰ ደግሞ 7 ያገኛል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት መልስ ነው፤ ሰባት መልስም አንድ የስልክ ቁጥር፥ ሁለት ስም፥ ጥቂት ቀንና ሰዓት አጣርቶ ሰምቶ ከመጻፍ የሚገኝ ነገር ነው።

ልጆቹ የሚወድቁት ስለ ሰነፉ ነው የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አልመረመረም። እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዋና የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ይበልጥ ይሠራበት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1935 ዓ/ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ሲከፈት፥ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ቋንቋውን ከውጭ አገር መምህራን አፍ እየሰሙ ተማሩ። ዛሬ ትምህርት ከጥቂቶች አልፎ ለብዙዎች ደርሷል፤ ይህም የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን በአማራ ክልል ያለው ልጅ አንደኛ ደረጃውን በአማርኛ ከተማረ በኋላ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ትምህርት ባንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። መምህሩም ቋንቋውን የተማረው ከመጽሐፍና ከሌላ ኢትዮጵያዊ መምህር ነው። ይህ ነውር አይደለም። ሆኖም ልጁ ዘወትር የሚሰማው እንግሊዝኛ እያንዳንዱ ፊደል በየራሱ ተለይቶ የሚሰማበት፥ በአማርኛ አፍ የተነገረ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የባለ ቋንቋውን ንግግር የሰማ ቀን ሌላ ቋንቋ የሰማ ይመስለዋል።

በ1997 ዓ/ም በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይሰጥ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። አሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ትምህርት እንዲሰማ የታሰበበት ነውና። ነገር ግን በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መምህር በፍጥነት ይናገራል፤ ተማሪው እጁን ቢያነሣ አያየውም፤ አልገባኝም ቢለው አይመልስለትም። ስለ አነጋገሩ እንግዳነትና ስለ ፍጥነቱ በዚያን ጊዜ ብዙ ቅሬታ ተሰምቷል። ጆሮው ቀስ በቀስ ያልተዘጋጀ ልጅ በቀን ብዙ ሰዓት እንግሊዝኛ ቢፈስበት ድንጋይ ላይ እንደ ወረደ ዝናብ ነው።

ከዚህም ሌላ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛን የሚመረምረው በሚነበብ ጥያቄ ነው፤ የሚሰማ ድምፅ የለበትም። መምህር የሚያስተምረው ደግሞ ፈተናው የሚጠይቀውን ነው። ስለዚህ በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የመስማት ልምምድ አንዳንዱ ዘንድ ጨርሶ ይታለፋል፤ አንዳንዱ ዘንድም መምህሩ ራሱ ቀስ ብሎ ያነበዋል። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ተማሪ የተማረው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ይቀበላል፤ በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ደብዳቤ ተቀብለው ከፈተናው ነጻ ያደርጉታል። ደብዳቤው ግን ልጁ በለንደን ወይም በሜልበርን ከትምህርት አዳራሽ በተቀመጠ ቀን አብሮት ተቀምጦ አይሰማለትም።

በዚህ ችግር መካከል ብልሃት ሻጮች ተነሥተዋል። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ፈተናውን እናሳልፋለን እያሉ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የሚያስተምሩትም ከምርጫዎቹ የትኛው ፊደል ብዙ ጊዜ መልስ እንደሚሆን መገመትን፥ ወይም ባለፈው ወር ወጡ የተባሉ መልሶችን ማጥናትን ነው። ይህ ከንቱ ነው። ከአራቱ ምዕራፍ ብዙ ጥያቄ ቃልና ቁጥር ጽፎ መሙላትን ሲጠይቅ፥ ያልሰማውን ቃል በግምት የሚጽፍ ማን ነው? የፈተናውን ሥርዓት ማወቅ ራሱ ጥቅም አለው፤ ይህንም ከዚህ በታች መግለጥ ይገባል፤ ነገር ግን ሥርዓት የሚጠቅመው የሚሰማ ጆሮ ላለው ነው።

የሚያስደንቀው ይህ ሁሉ የሚደርሰው ጆሮን በማስተማር ከኢትዮጵያ ሁሉ በታወቀው አገር መሆኑ ነው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ጉባኤ ነው፤ ከፎገራው ተወላጅ ከአለቃ ገብረ ሐና እንደ መነጨ የሚነገረው፥ በልጃቸው ስም የተክሌ የተባለው ዝማሜም የተስፋፋው በደብረ ታቦር ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች ተማሪው ድፋትን፥ ሂደትን፥ ቅናትን፥ ይዘትን፥ ቁርጥን፥ ጭረትን፥ ርክርክንና ደረትን ከብራናው ላይ ቢያያቸውም፥ ከመምህሩ ጉሮሮ ሲወጡ ካልሰማቸው አያዜማቸውም። በቅኔ ቤትም መምህሩ ቅኔውን ሲዘርፍ ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ ይይዛል። በማኅሌት ጊዜ ባለ ቅኔው በተቀባዩ ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነግረው፥ ተቀባዩ ወዲያው በዜማ ለጉባኤው ያሰማዋል፤ አድማጩ ሊቅም ሰምና ወርቁን በዚያው ቅጽበት ይለያል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ መያዝ ለዚህ አገር አዲስ ፈተና አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የቱ ነው? ሊቃውንቱ ሕፃኑን ወዲያው ከቅኔ ማኅሌት አያቆሙትም። ንባብን እንኳ ሲያስተምሩ በግእዝ ንባብ ፊደሉን ለይቶ በዝግታ እንዲያነብ ያደርጉታል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ያሻሽሉታል፤ በመጨረሻ በቁም ንባብ በሚገባው ፍጥነት ያስኬዱታል። ስሕተቱንም በሰማበት ጊዜ ያርሙታል እንጂ ለነገ አያሳድሩትም። እንግሊዝኛን የሚያደምጥ ተማሪም ይህን ሥርዓት ቢከተል በቀላሉ ይሻሻላል፤ አስቀድሞ አጭሩን፥ ዝግ ያለውን፥ ደጋግሞ፤ በኋላ ረዥሙን፥ ፈጣኑን፥ አንድ ጊዜ ብቻ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ አይደሉም፤ የአብነት ተማሪ ይህን ካልለየ ይጎዳል። የድጓ ተማሪ አንድ ቃል እንኳ ሳያጎድል ሁሉን እንዲይዝ ተምሯል፤ ያመለጠው ነገር ካለ ቆሞ ይመለስበታል። በእንግሊዝኛው ፈተና ግን ሁሉን ልያዝ የሚል ሰው ሁሉን ያጣል። ከተናጋሪው መቶ ቃል የሚፈለገው ሦስቱ ወይም አራቱ ነው፤ የቀረው እንዲያልፍ መተው አለበት። ያመለጠውን ቃል ሊፈልግ ወደ ኋላ የሚመለስ ተማሪ የሚመጣውን ሁለት መልስ ደርቦ ይከስራል። መልሶቹ የሚመጡት በጥያቄዎቹ ተራ ስለ ሆነ፥ የአምስተኛው ጥያቄ ነገር ሲነሣ አራተኛው እንዳለፈ ማወቅ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አራተኛውን ትቶ ከአምስተኛው ጋር መሄድ ይገባል። ይህን መልመድ ለትጉ ተማሪ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ትጋቱ ራሱ ይይዘዋልና።

ስለ ድምፅም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ መልስ የሚጠፋው ከትልቁ ነገር ይልቅ በትንሹ ነውና። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተናጋሪው የሰው ስም ወይም የመንገድ ስም በየፊደሉ እየቆጠረ ያስጽፋል። የእንግሊዝ የመጀመሪያው ፊደል ሲጠራ «ኤይ» ይባላል፤ አምስተኛው «ኢ»፥ ዘጠነኛው «አይ» ይባላል። ሀሁ የቆጠረ ልጅ «ኢ» የሚለውን ሲሰማ እጁ ዘጠነኛውን ፊደል ይጽፋል፤ በአማርኛ «ኢ» የዚያ ድምፅ ነውና። እንደዚሁም «ጂ» እና «ጄይ» ይለዋወጡበታል፤ የመጨረሻው ፊደልም አሜሪካዊው «ዚ» ሲለው እንግሊዙ «ዜድ» ይለዋል። የስልክ ቁጥር ሲነገር ዜሮ «ኦ» ይባላል፤ ሰባት ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲከታተል «ደብል ሰቨን» ይባላል፤ ይህን ያልለመደ ሰው አንድ ሰባት ብቻ ጽፎ ያልፋል። 15 እና 50ም ሲሰሙ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ናቸው፤ የመጨረሻው ድምፅ በፈጣን ንግግር ሊዋጥ ስለሚችል፥ የሚለያቸው የቃሉ ኃይል የወደቀበት ስፍራ ነው፤ በአንዱ ወደ መጨረሻው፥ በሌላው በመጀመሪያው። ተነሽና ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ እየለየ ግዕዝን ያነበበ ካህን ይህን ለመረዳት ከማንም ይቀርባል፤ እንግሊዝኛም የራሱ ተነሽና ወዳቂ አለው፤ በፊደሉ ላይ ግን አይታይም።

የሰዓት ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ ነው። ተናጋሪው ጠዋት በ«ናይን» እንገናኝ ሲል፥ ልጁ በልቡ ሦስት ሰዓት ብሎ ይተረጉመዋል፤ እጁም ሦስትን ይጽፋል። የሰማውን እንደ ሰማው መጻፍ እንጂ ወደ አገሩ አቆጣጠር መመለስ አይገባውም። እንግሊዞች «ሃፍ ሰቨን» ሲሉ ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛው ይረዳል።

የባለ ቋንቋዎቹ ንግግር ቃልን ከቃል ጋር እያጋጠመ ትንንሾቹን ይውጣል። «ኤንድ» የሚለው ቃል በንግግር መካከል «ን» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ የእነርሱ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የጎንደርም ሰው «የት አለ» ያለውን «የታለ» ይላል፤ «ምን አለ» ያለውንም «ምናለ» ይላል። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ የሚለዩት አናባቢው በማጠሩና በመርዘሙ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ይህን ለመለየት ሲቸገር፥ የውጭ አገር ሰው ደግሞ «ገና» የሚለው ሲጠብቅ የልደት በዓል፥ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት መሆኑን ለመለየት እንደዚሁ ይቸገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀመጧቸው አውሮፓውያን ሠራተኞች፥ በ1860 ዓ/ም ወደ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖልን የሠሩት እነርሱ ናቸው፥ ከአገሩ ሰው ጋር ለዓመታት እየዋሉ አማርኛ ለመዱ። እነርሱ የተናጋሪውን ሕዝብ በዙሪያቸው አገኙ፤ የዛሬው የደብረ ታቦር ልጅ ግን እንግሊዞችን በዙሪያው አያገኝም፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ወደ ቤቱ ማምጣት አለበት።

ሌላው የፈተናው ጥበብ፥ በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ከተናጋሪው አፍ ሳይለወጥ የማይወጣ መሆኑ ነው። ወረቀቱ «ዋጋ» ሲል ተናጋሪው «የምትከፍሉት» ይላል፤ ወረቀቱ «ልጆች» ሲል ተናጋሪው «ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ» ይላል። የተጻፈውን ቃል ራሱን ሲጠብቅ የሚቀመጥ ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁ ያልፈዋል። ተናጋሪው ደግሞ አንድ መልስ ከሰጠ በኋላ ራሱን ያርማል፤ ስብሰባው ማክሰኞ ነበር፥ ነገር ግን አዳራሹ ስለ ተያዘ ወደ ሐሙስ ተዛወረ ይላል። ቸኩሎ ማክሰኞን የጻፈ ሰው ተታሏል። «ባት»፥ «አክቹዋሊ»፥ «ኢንስቴድ» የሚባሉት ቃላት ሲሰሙ ያለፈው ነገር ሊሻር መሆኑን ማወቅና እርሳስን መያዝ ይገባል።

ልምምዱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ይበቃል። ንባቡ በጽሑፍ የሚገኝለትን የአንድ ደቂቃ ንግግር መርጦ፥ ጽሑፉን ሳያዩ ሰምቶ መጻፍ፤ ሦስትና አራት ጊዜ መልሶ እየሰሙ የጎደለውን መሙላት፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ገልጦ ማመሳከር። ያልተሰማው ቃል የማይታወቅ ቃል እንደ ሆነ ይጠናል፤ የሚታወቅ ቃል ሆኖ ሳለ ያልተሰማ እንደ ሆነ ግን ጉድለቱ የጆሮ ነውና፥ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደ ተናጋሪው አድርጎ ድምፅን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ማለት ያስፈልጋል፤ አፍ ያላወጣውን ጆሮ ለመቀበል ይቸገራልና። በማግሥቱ ያንኑ ንግግር አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ መፈተን ነው። ከወር በኋላ ርዝመቱን መጨመር፥ ከሁለት ወር በኋላ ሙሉ ፈተና ሳያቋርጡ መሥራት ይቻላል። ካምብሪጅ ያለፉትን ፈተናዎች ከድምፃቸውና ከንባባቸው ጋር በመጽሐፍ አሳትሟል። የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ስርጭትም ጆሮን ለማለማመድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሥራ እየሠሩ ከጀርባ መክፈቱን ትምህርት ነው ማለት ራስን ማታለል ነው።

ከ2015 ዓ/ም ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ ትምህርታቸውን በዚያ ላይ ብቻ የመሠረቱ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ድምፁን በስልካቸው ወይም በፍላሽ ያስቀመጡ ግን አልተቋረጡም። ስለዚህ መስመሩ ባለበት ጊዜ ለማይኖርበት ጊዜ ማስቀመጥ የዚህ አገር ተማሪ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ገበሬው እህሉን በጎታ የሚያስቀምጠው ስለዚሁ ነው።

በፈተናው ዕለት ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በፊት ጥያቄዎቹን ለማንበብ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ይህን ጊዜ ያለፈውን መልስ በመመርመር የሚያባክኑ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን የሚመጣው ስም ይሁን ቁጥር፥ ቦታ ይሁን ቀን አውቆ ይጠብቃል። ትእዛዙ ከሁለት ቃል አይብለጥ ብሎ ሳለ ሦስት ቃል የጻፈ፥ አሳቡ ትክክል ቢሆንም መልሱ ይሰረዝበታል፤ ፊደል የሳተም እንደዚሁ፤ የብዙ ቁጥር ምልክት የሆነችውን አንዲቱን ፊደል የዘነጋም እንደዚሁ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ ቦታ መተው አያስፈልግም። በወረቀት የሚፈተን ሰው መልሱን ወደ መልስ መስጫው የሚገለብጥበት 10 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በኮምፒዩተር የሚፈተን ግን ለመመርመር 2 ደቂቃ ያህል ብቻ ስላለው፥ እየሰማ ወዲያው በትክክል መጻፍን አስቀድሞ መልመድ አለበት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች የሚያነሡት አሳብ አለ። ልጁን ለውጭ አገር ፈተና ማዘጋጀት አገሩን ለቆ እንዲሄድ መንገድ መጥረግ ነው ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ሄደው ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጆሮው ያልተማረ ልጅ የሚቀረው አገሩን ስለ ወደደ አይደለም። በአዲስ አበባ ከልጅነቱ የእንግሊዝኛ ፊልም እያየ፥ በግል ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ፈተናውን ያልፋል፤ በጉና ሥር በገብስ ማሳ መካከል ያደገው፥ በአእምሮ የማያንሰው ልጅ ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ ፈተናው የመዘነው ዕውቀትን ሳይሆን የተወለዱበትን ስፍራ ነው። ከሚሄዱትም የመመለስ ተስፋ ያለው ወላጆቹና መሬቱ በዚህ ያሉት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት አይሆንም። ደግሞም እንግሊዝኛን መስማት የሚያስፈልገው ለሚሄደው ብቻ አይደለም፤ በደብረ ታቦር ሆኖ ሕክምና የሚማረውም ልጅ የዓለም ሊቃውንት የሚሰጡትን ትምህርት መስማት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሥልጣን ባላቸው እጅ ያለው ሥራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በ2004 ዓ/ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍልና ጥቂት የጆሮ ማዳመጫዎች ለከተማው ተማሪዎች፥ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለካህናት ቢከፍት፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍሬው ይታይ ነበር። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ብሔራዊውን ፈተና ለመለወጥ ሥልጣን ባይኖረውም፥ ትምህርት ቤቶቹ በራሳቸው በሚያወጡት የመንፈቅ ፈተና ውስጥ ዐሥር ያህል የሚሰሙ ጥያቄዎች እንዲገቡ ማድረግ ይችላል። አንድ ድምፅ ማጉያና አንድ ስልክ ለዚህ ይበቃሉ። ጥያቄው በፈተና ከገባ መምህሩ ያስተምረዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የተዘለለውም ገጽ ይገለጣል። የእንግሊዝኛ መምህራንም በዕረፍታቸው ጊዜ ወደ ጋይንት ወርደው፥ የድጓው መምህር የተማሪውን ስሕተት ከሃያ ድምፅ መካከል ለይቶ እንዴት እንደሚያርም ቢያዩ፥ ከብዙ የሥልጠና ጉባኤ የማያገኙትን ያገኛሉ። ሊቃውንቱም በበኩላቸው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የሚሻገረውን የአብነት ተማሪ የያዝከው የጆሮ ጥበብ ለዚያም ያገለግልሃል ብለው ቢያበረታቱት መልካም ነው፤ ብዙው ተማሪ የቆሎ ትምህርቱን እንደሚያሳፍር ነገር በልቡ ደብቆ ይሄዳልና።

በመጨረሻ ለሚጓዙት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በእነዚህ ዓመታትም ጉዞው በታሰበው ቀን የማይፈጸምበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጽሑፍ ፈተናዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰጠው የመስማቱ ክፍል ነው። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ አድሮ፥ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጆሮው ተደፍኖ የመጣ ልጅ በማለዳ ከዚያ ክፍል ቢቀመጥ፥ የስድስት ወር ልምምዱ በመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ይጠፋል። ስለዚህ ከፈተናው ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ መግባት፥ የተመዘገበበትን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ፥ ከፈተናው በፊት ባለው ማታም አዲስ ነገር ከማጥናት ይልቅ አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ የእንግሊዝኛ ንግግር ሰምቶ መተኛት ይሻለዋል።